ምዕራፍ አምስት፦ የአንድ ምሽት ረዳት

ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው ሲያይል፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከፈላና በር ወጣ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ከጎኑ የሥጋ ቁርጥራጭ የተሞላ ቅርጫት አለ። ቁራጩን በአጭር እንጨት ላይ ያንጠለጥላል፤ እንጨቱን አንዳንዴ በእጁ፣ አንዳንዴም በጥርሱ ይይዛል። ጅቡ ከጨለማው ብቅ ብሎ ሥጋውን ይነጥቅና ወደ ኋላ ይላል። እንግዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ሐረር ከሚታወቅባቸው ትርኢቶች አንዱ ይህ ነው።

እስቲ ለአፍታ ዓይናችንን ከጅቡ ላይ እናንሣና ወደ ዳር እንይ። ቅርጫቱን የሚያቀርበውና ሥጋውን የሚቆራርጠው ወጣት ማን ነው? ከሰዓት በኋላ ሥጋ ቤቶችን ዞሮ ትርፍራፊውን የሰበሰበው ማን ነው? ባጃጁን አዙሮ በመብራቱ ሜዳውን የሚያበራው ሾፌርስ? እንግዳውን ከሆቴሉ ይዞት የመጣው አስጎብኚስ? ትርኢቱ ሲያበቃ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። "ይቺን ያዝ" ይባላል፤ "አቦ፣ ትንሽ ጨምርበት እንጂ!" ይመለሳል። ተሳስቀው ይለያያሉ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፣ ደረሰኝም የለም።

ይህ ምዕራፍ ስለነዚያ በዳር ስላሉት ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ይህ ረዳት የማን ሠራተኛ ነው? ከሚያገኘው ላይ ግብር አለበት ወይ፣ ካለበትስ ቀንሶ የሚያስገባው ማን ነው? አንድ ቀን ጉዳት ቢደርስበት የሚጠየቀው ማን ነው?

ጥያቄዎቹ የሐረር ብቻ አይደሉም። በእንግሊዝ ገጠር በመኸርና በክረምት የወፍ አደን ሲካሄድ ቆቅና መሰሎቿን ከቁጥቋጦ የሚያስነሡ፣ ጠመንጃ የሚያጎርሱ፣ የወደቀውን የሚለቅሙ ሰዎች በቀን ሒሳብ ይቀጠራሉ። የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለወፍ አስነሺዎቹና ለሰብል ለቃሚዎች ለብቻው ደንብ አውጥቶላቸዋል፤ ለአንድ ቀን ተቀጥሮ፣ በዚያው ቀን ተከፍሎት፣ ለነገ ምንም ውል ሳይኖረው ከሚሰናበተው ሰው ላይ አሠሪው ግብር እንዲቀንስ አይገደድም። በአገራችንም በአርባ ጉጉና በባሌ ደጋዎች በፈቃድ የሚካሄድ የደጋ አጋዘን አደን አለ፤ ዱካ የሚከተል፣ ጓዝ የሚሸከም፣ ቆዳ የሚገፍ ሰው ይፈልጋል። ጥያቄው በሁሉም ቦታ ያው ነው፤ ሐረር ላይ ግን በየምሽቱ በዓይን ይታያል።

እርዳታ ነው ወይስ ሥራ?

ሐረር መረዳዳት የኖረበት አገር ነው። የሐረሪ ሕዝብ ለሠርጉም ለሐዘኑም በአፎቻ ይሰበሰባል። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ማሳውን በጉዛ ያርሳል፣ በጉዛ ያጭዳል፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደቦ እንደሚባለው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የከተማው ሰው ቅርርብ አለ። ሐረር ላይ ታላቅን "አንተ" ማለት የፍቅር እንጂ የንቀት አይደለም፤ አሠሪና ሠራተኛም በአንድ ሰፈር ያደጉ፣ በአንድ ማዕድ የበሉ ናቸው። እንዲህ በተሳሰረ ኑሮ ውስጥ "ውል እንጻፍ" ማለት "አላምንህም" ማለት ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አፎቻው ውስጥ ድስት ያነሣ፣ በጉዛ ማጭድ የያዘ ሰው ደመወዝ አይቀበልም። ዛሬ የረዳው ነገ በተራው ይረዳዋል፤ ይህ እርዳታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም የግብር ሕግም አይነካውም። ሰውየው ግን "ና፣ ይህን ሥራ፣ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ" ከተባለና እሺ ብሎ በአሠሪው መሪነት መሥራት ከጀመረ፣ በዚያች ደቂቃ የሥራ ውል ተፈጥሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውልን የሚተረጉመው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ በአሠሪው መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለመሥራት ሲስማማ ውሉ አለ። በሕግ ካልታዘዘ በስተቀር የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በቃልም ይጸናል።

ስለዚህ "እኔ እኮ አልቀጠርኩትም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያግዘኝ" የሚለው መልስ የሚያዋጣው ክፍያ እስከሌለ ድረስ ብቻ ነው። በየምሽቱ እየተከፈለው የሚያግዝ ሰው ሠራተኛ ነው።

በማን ትእዛዝ፣ በማን ኪሳራ?

ገንዘብ የተከፈለው ሁሉ ግን ሠራተኛ አይደለም። ያው አዋጅ በራሱ የንግድ ኃላፊነት ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ሥራ የሚሠራን ሰው ከሥራ ውል ውጭ ያደርገዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979ም ተመሳሳይ መስመር ያሰምራል። በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰው፣ ቋሚ ይሁን ጊዜያዊ፣ ተቀጣሪ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአብዛኛው ራሱ የሚወስን ደግሞ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ የሚያዘው ማን ነው? ኪሳራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

ወደ ሜዳው እንመለስ። ባጃጁ የሾፌሩ ነው፤ ቤንዚኑም የሱ፣ ጎማው ቢፈነዳ ኪሳራውም የሱ። ዛሬ እንግዳ ባያመጣ ማንም አይቆጣውም። ይህ ሰው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ነው፤ የጅብ መጋቢው ሠራተኛ አይደለም። ባጃጁ የሌላ ሰው ሆኖ እሱ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባ ከሆነ ግን ጥያቄው በሱና በባጃጁ ባለቤት መካከል እንደገና ይነሣል።

አስጎብኚው ፈቃድ ይዞ፣ ዋጋውን ከእንግዳው ጋር ተነጋግሮ የሚሠራ ከሆነ ባለሙያ ነው። ሆቴሉ ተራ አውጥቶለት፣ ሰዓት ወስኖለት፣ ዋጋውን ተምኖለት የሚሠራ ከሆነ ግን ወደ ሆቴሉ ሠራተኝነት ያጋድላል።

ቅርጫቱን የሚያቀርበው ወጣትስ? በተባለው ሰዓት ይመጣል። ቢላዋውም ቅርጫቱም የሱ አይደሉም። ሥጋው የስንት ብር እንደሚገዛ አይወስንም። እንግዳ ባልመጣበት ምሽት የሥጋው ኪሳራ የሚወድቀው በመጋቢው ላይ እንጂ በሱ ላይ አይደለም። ወንድም ይሁን ጎረቤት፣ በትእዛዝ የሚሠራና የሚከፈለው እስከሆነ ድረስ ይህ ወጣት ረዳት ሠራተኛ ነው።

ይኸው መለኪያ ወደ ሸዋ በር ሲወሰድም ይሠራል። በአስማዲን በሪ፣ ሸዋ በር በምንለው አካባቢ ገበያው ሲደምቅ የመጣለትን ሁሉ እየተሸከመ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር በዋጋ የሚከራከር ተሸካሚ የራሱ አለቃ ነው። አንድ ጅምላ ነጋዴ "ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚህ ተገኝ፣ መኪናዬን ጫንልኝ" ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። በጫኝና አውራጅ ማኅበር የታቀፈ ደግሞ ሦስተኛ መልክ አለው፤ ከባለ ንብረቱ ጋር የሚዋዋለው ማኅበሩ ነው፣ አባሉም ድርሻውን የሚያገኘው ከማኅበሩ ነው። ሸክሙና ላቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ሕጉ ግን በሦስት መንገድ ያያቸዋል።

የአወዳይ ጫት ገበያም እንዲሁ ነው። ቅጠሉን የሚለቅሙ፣ የሚመርጡ፣ ዙርባውን፣ ማለት የጫቱን እስር፣ የሚያስሩ እጆች ብዙ ናቸው። ክፍያው በዙርባ ቁጥር መሆኑ ሰውየውን ነጋዴ አያደርገውም። አዋጁ በሥራ መጠን የሚከፈልንም ደመወዝ ያውቀዋል። በቁጥር እየተከፈለው በሰው ትእዛዝ የሚሠራ ያው ሠራተኛ ነው።

"ቀን ሠራተኛ ነው እኮ!"

በአገራችን "ቀን ሠራተኛ" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው "መብት የለውም" ለማለት ነው። ሕጉ እንደዚያ አይልም። እንዲያውም የሚነሣው ከተቃራኒው ነው፤ የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ ብቻ የሚደረግ ውል የሚፈቀደው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ሥራው በባሕርዩ የተወሰነ ከሆነ፣ የሥራ መደራረብ ከመጣ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሰው ለመተካት፣ ወቅታዊ ለሆነ ሥራ፣ ከአሠሪው ቋሚ ሥራ ውጭ ለሆነ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሥራ።

የአንድ ሱቅ ባለቤት ለዒድ ሱቁን ለማስቀባት ለሁለት ቀን ሰው ቢጠራ፣ ያ በእርግጥ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ ነው። በየምሽቱ ጅብ ፊት የሚቆም ረዳት ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥራ ነው የሚሠራው። ክፍያው በየምሽቱ መሆኑ ሥራውን የአንድ ምሽት አያደርገውም። አሠሪው "ነገ ባይመጣ ሌላ አገኛለሁ" ቢልም፣ ሥራው ራሱ ዘላቂ ከሆነ ሕጉ የሚያየው ዘላቂነቱን ነው።

ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ሲሆን፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም አለ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ረዳቱ የሚያገኘው ከእንግዶች ጉርሻ ብቻ ቢሆንስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ደመወዝን ሲተረጉም ከደንበኞች የሚገኝን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ ውጭ ያደርገዋል። ትርጉሙ ከባድ ነው። "እኔ ደመወዝ አልከፍለውም፣ ከፈረንጆቹ በደንብ ያገኛል" የሚል አሠሪ ሠራተኛውን በነጻ ያሠራል ማለት ነው። ጉርሻ የደመወዝ ማሟያ ሊሆን ይችላል፤ የደመወዝን ቦታ ግን አይተካም።

በሮቹና ግብሩ

የጥንቷ ሐረር ሰውና ሸቀጥ የምትቀበለው በአምስት በሮቿ ነበር። አስማዲን፣ በድሪ፣ ሱቁታት፣ አርጎብ፣ አሱም። ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ነጋዴው የሚገባበትም የሚወጣበትም ስለሚታወቅ ገዢው ድርሻውን መቆጣጠር አይቸገርም ነበር። ዛሬ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ፤ በሮቿም ክፍት ናቸው። የዘመኑ ግብር የሚቆምበት በር የአሠሪው የክፍያ ሰነድ ነው።

በመጀመሪያ ግብሩ የማን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብር ለክልሎች ይሰጣል። ስለዚህ ሐረር ላይ በግል ድርጅት ከሚሠራ ሰው ደመወዝ የሚቀነሰው ግብር የሚገባው ለሐረሪ ክልል ነው። ያ ገንዘብ የሚመለሰው ወደ ከተማው መንገድ፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው።

ቀጥሎ ስንት ነው? ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ በወር እስከ 2,000 ብር ያለውን ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጓል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ቀድሞ በአዋጅ 979 ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር።

በቁጥር እንየው። አንድ ግንበኛ ረዳቱን በቀን 400 ብር ይከፍለዋል እንበል። ረዳቱ በወሩ ውስጥ የሠራው 5 ቀን ብቻ ከሆነ ያገኘው 2,000 ብር ነው፤ ግብር የለበትም። 6 ቀን ከሠራ 2,400 ይሆናል፤ ግብሩ ከ2,000 በላይ ባለው 400 ላይ 15 በመቶ፣ ማለት 60 ብር ነው። ወሩን ሙሉ 26 ቀን ከሠራ ግን 10,400 ብር ያገኛል። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው 2,000 ላይ ምንም፣ በሁለተኛው 2,000 ላይ 300፣ በሚቀጥለው 3,000 ላይ 600፣ በሚቀጥለው 3,000 ላይ 750፣ በቀሪው 400 ላይ 120። ድምሩ 1,770 ብር። በቀድሞው መጣኔ ቢሆን 2,165 ብር ነበር። በቀን የሚከፈለው ሰው "ትንሽ ብር ነው የማገኘው" ቢልም ወሩ ሲደመር በግብር መስመር ውስጥ ይገባል፤ ግብሩ የሚለካው በወር ነውና።

ቀድሞ ለቀን ሠራተኛ የተለየ በር ነበረ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 በቋሚነት ያልተቀጠረ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ ለአንድ አሠሪ ከአንድ ወር በላይ ካልሠራ ገቢውን ከግብር ነጻ ያደርግ ነበር። ከእንግሊዙ የወፍ አስነሺ ደንብ ጋር የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ የመጣን ሰው በወረቀት አታስጨንቀው የሚል። ያ አዋጅ በ979 ተተክቷል። ዛሬ ለአጭር ቀን ሠራተኛ አንዱ መጠለያ የ2,000 ብሩ ወለል ነው።

ግብሩን ቀንሶ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው። ካልቀነሰ ዕዳው ወደሱ ይዞራል። "ሠራተኛዬ በእጁ ሙሉውን ካልተቀበለ አይመጣም" ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ ደግሞ ለሠራተኛ የከፈለውን እንደ ወጪ ማስያዝ የሚችለው በሰነድ ሲያረጋግጥ ነው። ያልተጻፈ ደመወዝ ለግብር ሰብሳቢው እንዳልወጣ ገንዘብ ነው፤ ነጋዴውም በሌለ ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል።

ከዚህ ለመሸሽ አንዳንዱ ረዳቱን "ኮንትራክተር ነው" ይለዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ረዳቱን ነው። በራሱ የሚሠራ አገልግሎት ሰጪ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው፣ በአዋጅ 979 መሠረት ዊዝሆልዲንግ፣ ማለት ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ የሚቀንስ ከፋይ ከክፍያው 30 በመቶ ይቀንስበታል። እንደ ሠራተኛ ቢቆጠር ጥቂት ብር ወይም ምንም የማይከፍለው ሰው በስሙ ብቻ ሲሶ ያህሉን ያጣል ማለት ነው።

ጡረታም አለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንዲዋጣ ያዛል። ለዓመታት ለአንድ ሰው እየሠራ "የቀን ነው" እየተባለ ያልተመዘገበ ረዳት ወጣትነቱን ሲጨርስ በእጁ የሚቀርለት ነገር የለም።

ከግንብ ላይ

ጀጎል ውስጥ የሐረሪን ባህላዊ ቤት ግድግዳ ሲያድሱ ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ድንጋይ ይፈለጣል፣ ጭቃ ይቦካል፣ አንዱ ከታች ያቀብላል፣ አንዱ ከላይ ይደረድራል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ ድንጋዩ የሚገባው በሰው ጀርባና በአህያ ነው። መሰላሉ በጠባብ መተላለፊያ ላይ ይቆማል። አንድ ድንጋይ ቢንሸራተት የሚያርፈው ከታች ባለው ረዳት ላይ ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽና ጠንካራ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። "ተጠንቀቅ ብዬው ነበር" ማለት ብቻ አያድነውም። ሰውየው ሆነ ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ካልሆነ በስተቀር የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው ተኝቶ እያለም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወሮች 75 በመቶ፣ በቀሪዎቹ 6 ወሮች 50 በመቶ። በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሰው ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት ካሣው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው።

አሠሪው ግን ማን ነው? ቤቱን የሚያሳድሰው ባለቤት ሥራውን በጠቅላላ ለግንበኛ ከሰጠ፣ ግንበኛው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ነው፤ ረዳቱን የቀጠረው እሱ ስለሆነ አሠሪው እሱ ነው። ብዙ ግንበኛ ይህን የሚሰማው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። "እኔም እንደሱ ድሃ ነኝ" ይላል፣ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ረዳት ይዞ የሚወጣ ሰው ከሥራው በፊት ሊያስብበት ይገባል፤ ዋጋ ሲነጋገርም የረዳቱን ደኅንነት አብሮ ሊደምር ይገባል። ባለቤቱም ርካሽ ዋጋ ሲሰማ ያ ዋጋ የማንን ጀርባ አስይዞ እንደረከሰ ይጠይቅ።

ትንንሾቹ እጆች

ከረዳቶቹ መካከል ልጆች አሉ። ቅርጫት የሚያነሣ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ እንግዳ እየተከተለ መንገድ የሚያሳይ። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓል ቀን ሊሠራ አይችልም። ለጤናው አደገኛ የሆነ ሥራም አይሰጠውም። አባት ልጁን ሙያውን ቢያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ በጅብ ምገባ ላይም ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። የጎረቤትን የ12 ዓመት ልጅ በጥቂት ብር ጨለማ ውስጥ ማቆም ግን ሙያ ማስተማር አይደለም።

አንድ ደብተር

ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንግድ ሥራ ሐረር ሲደርስ ከኤደን ንግድ ቤት ጋር የፈረመው የጽሑፍ ውል ነበረው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ያ ውል ይጠቀሳል፣ ይጠናል። በዚያው ዘመን ቡናውን በጀርባ የተሸከሙ፣ ግመል እየነዱ እስከ ዘይላ ወደብ ያደረሱ ሰዎች ግን ስማቸውም ምንዳቸውም በመዝገብ አልቀረልንም። ልዩነቱ የተጻፈና ያልተጻፈ ነው።

ዛሬም ረዳቱን የሚጥለው የወረቀት እጦት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል። በ6 ወር ውስጥ ቢጠይቅም "ስንት ቀን ሠራህ?" ሲባል መልሱ በትዝታ ላይ ከቆመ አሠሪው በሌላ ትዝታ ይመልስለታል። አሠሪውም ቢሆን ከፍሎ ሳለ "አልከፈለኝም" ሲባል የሚያሳየው አይኖረውም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ የሠራተኛውን ስም፣ የሠራውን ሥራ፣ የሰዓቱን ብዛት፣ የተከፈለውን ብር፣ የተቀነሰ ካለ የተቀነሰውን ጻፉ፤ ሠራተኛው ይፈርም፣ መፈረም ካልቻለ ጣቱን ያኑር። በወሩ መጨረሻ ደምሩ። ከ2,000 ብር ካለፈ ግብሩን አስሉና አስገቡ። ሠራተኛውም በስልኩ ደብተሩን ፎቶ ያንሣው። ሕጉ ከአሠሪ የሚጠይቀው የክፍያ መዝገብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ያሉ አባቶች ይህን ቀድመው ያውቁታል። የተጻፈ ውል ወዳጅነትን አያጎድልም፤ ወዳጆች ነገ በፍርድ ቤት ፊት እንዳይቆሙ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ ረዳት ያለህ አንባቢ ሆይ፣ በጅብ ሜዳ፣ በግንብ ሥራ፣ በጫት ገበያ ወይም በሱቅህ ደጃፍ፣ ዛሬ ማታ ብሩን ከመስጠትህ በፊት ስሙን ጻፍ። ረዳት የሆንክም ዛሬ የሠራኸውን ቀን ሳታስመዘግብ አትለይ።